ጤዛው ሳይረግፍ

የእህቴ ልጅ፣

የላክህልኝን ፎቶ አየሁት። እኩለ ቀን ላይ በረንዳህ ላይ ቆመህ ነው ያነሳኸው። ከፎቶው የገባኝ ነገር ቢኖር ሣርህ እዚህም እዚያም መንጣቱ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከመንገድ ማዶ ያለው ጎረቤትህም ያየዋል። ከሥሩ "ጋሼ፣ ምን ልርጭበት?" ብለህ ጽፈሃል።

በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን አውቅሃለሁ፤ ስልኩን ሳትዘጋው መደብር ትደርሳለህ። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እንድታነበው ጻፍኩልህ። በሰሜን ቨርጂኒያ የሰው ግቢ ሳጭድና ስዘራ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል። ከዚያ በፊት ታክሲ ስነዳ የራሴን ግቢ ሁለት ጊዜ ገድዬዋለሁ። የሚከተለው ከሁለቱም ያገኘሁት ነው።

1. ጎንበስ በል።

የሣር በሽታ ከበረንዳ አይታይም፤ ከበረንዳ የሚታየው ሞቱ ነው። አያትህ አርሲ ላይ ስንዴያቸው መሐል ሲገቡ ዳር ቆመው "አማረልኝ" ወይም "ከሰርኩ" አይሉም ነበር። ቁጢጥ ብለው አንዲት ቅጠል ይይዙና ከሥር እስከ ጫፏ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ያዩዋት ነበር። አንተም እንደዚያ አድርግ። ቅጠል የምትቆርጠው ከክቡ መሐል ሳይሆን ከጠርዙ ነው፤ አረንጓዴውና የነጣው ከሚገናኙበት። መሐሉ ላይ ያለው የሞተ ነው፣ ሬሳ አይናገርም። ጠርዙ ላይ ያለው ግን ገና እየታመመ ስለሆነ ምን እንደያዘው ይነግርሃል።

አሥር ያህል ቅጠል ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጋ። ቁስሉ ወጥ ቅርጽ የሌለው፣ መሐሉ ገለባ የመሰለ፣ ዙሪያው ደግሞ በቀጭን ጥቁር ቡናማ መስመር የተከበበ ከሆነ፣ ማለትም አንድ ሰው በእስክሪብቶ ካርታ የሣለበት ከመሰለ፣ ያ "ብራውን ፓች" የሚባለው ነው። የሚያመጣው ሪዞክቶኒያ ሶላኒ የሚባል ፈንገስ ነው። እሱ አፈር ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ ማንም ከውጭ አላመጣብህም፣ ጎረቤትህንም አትጠርጥር። ጁላይ ላይ ከሚደወልልኝ ስልክ አብዛኛው የሱ ጉዳይ ነው፤ ያንተም እሱ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ግን መጠርጠርና ማወቅ ለየቅል ናቸው።

2. ፀሐይ ሳትወጣ ውጣ።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም የነጣ ሣር አንድ ዓይነት ነው። ጤዛው ሳይረግፍ ከወጣህ ግን በክቡ ጠርዝ ላይ ግራጫ ሆኖ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ጢስ የመሰለ ቀለበት ልታይ ትችላለህ። ሣሩ ሲደርቅ ቀለበቱም ይጠፋል፤ ትናንት ነበር ብትል ማንም አያምንህም። ፈንገሱ በዚያች ሌሊት የበላው ድንበር ነው።

ፊትህን ወደ መሬት ስታስጠጋ በቅጠሎቹ መሐል ጥጥ የመሰለ ነጭ ክር ታገኛለህ። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ በጤዛ ጊዜ እውነተኛ የሸረሪት ድርም ሞልቷል። ድሩ ከሣሩ አናት ላይ እንደ መሀረብ ተወጥሮ ይቀመጣል። የፈንገሱ ክር ግን ወደ ታች ወርዶ ከቅጠሉ ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው።

ለምን ክብ ይሆናል ካልከኝ፣ ልጅ ሆነህ ጭርት ወጥቶብህ እናትህ ጭንቅላትህን በነጭ ሽንኩርት ስታሽህ ሠፈሩን በጩኸት አናግተኸው ነበር። ጭርትም ፈንገስ ነው። ከአንድ ነጥብ ይነሳና በየአቅጣጫው እኩል ይራመዳል፤ ስለዚህ ክብ ይሠራል። የሣሩም እንደዚያው ነው፤ ከስኒ ማስቀመጫ አንስቶ የመሶብን ስፋት እስከሚያክል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ክቦቹ ሲገጣጠሙ ደግሞ ቅርጻቸው ይጠፋና ግቢው በጅምላ ያረረ ይመስላል።

3. በሽታ ያልሆነውን አስቀድመህ አውጣ።

የነጣውን ሣር ጨብጠህ ሳብ። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተነሳ ሥሩን የበላው የጥንዚዛ እጭ ነው፤ ነጭ ሆኖ እንደ እንግሊዝኛው "C" የተጠማዘዘ ትል ከሥሩ ታገኛለህ። መሐሉ ደርቆ ዙሪያው ከሌላው ሣር ይልቅ የጠቆረ አረንጓዴ ከሆነ የውሻ ሽንት ነው። የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ነጥቶ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ከተበጣጠሰ ማጨጃህ ደንዟል። ቀጥ ባለ መስመር የነጣ ነገር ደግሞ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ፈንገስ ማስመሪያ የለውም።

4. ድስቱን የተሸከሙትን ሦስት ጉልቻዎች እወቅ።

ለበሽታ የሚታመም ሣር፣ የሚያሳምም ፈንገስና ለፈንገሱ የተመቸ አየር ያስፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱን ካወጣህ ድስቱ ይደፋል። ፈንገሱን ከአፈር ማውጣት አይቻልም፤ እሱን ተወው።

ሣሩስ? ያንተ "ቶል ፌስኩ" ነው፤ በዚህ አካባቢ የብዙው ሰው ግቢ እሱ ነው። ብርድ ይወዳል፤ ስፕሪንግና ፎል ላይ ያምርበታል፣ ሰመር ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኛ ያለንበት አገር ለሣር የሚያስቸግር ነው፤ ከሰሜን ለሚመጣው ሣር ሙቀቱ ይበዛበታል፣ ለሰርዶ ወገን ደግሞ ብርዱ። መሐል ሰፋሪ ነን።

አየሩ ላይ ነው ጨዋታው። ሌሊቱ ከ70 ዲግሪ ፋራናይት (21 ሴንቲግሬድ) ሳይወርድ ሲያነጋ፣ ቅጠሉም አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ፣ ብራውን ፓች ይነሳል። ሣር የሚጠብቁ ሰዎች አንድ ቀላል ስሌት አላቸው፤ የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት በፋራናይት ደምር፣ ድምሩ ከ150 ካለፈና አየሩ ከታፈነ ማለዳ ሄደህ ግቢህን እይ። ቀኑ 88 ሌሊቱ 72 ከሆነ 160 ነው፤ ጁላይ ላይ እዚህ አገር ይሄ ተራ ቀን ነው። ሙቀቱን አትቀንሰውም። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ የሚቆይበትን ሰዓት ግን መቀነስ ትችላለህ።

5. ማታ ውኃ አታጠጣ።

ይሄን ሁለት ጊዜ አንብበው።

ታክሲ በምነዳበት ጊዜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ገብቼ ልብሴን ሳልቀይር ጎማውን ይዤ እወጣ ነበር። ቀኑን ሙሉ በጠራራ የዋለውን ሣር ማጠጣት ጽድቅ ይመስለኝ ነበር፤ ሽታው ራሱ የክረምት ዝናብ ያስታውሰኛል፣ ድካሜን ይወስድልኛል። ቅጠሉ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ እርጥብ እንደሆነ ግን አላሰብኩም። በገዛ እጄ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ሰዓት እሰጠው ነበር።

እናትህ ትኩስ እንጀራ በፕላስቲክ ጠቅልላ አስቀምጣ ታውቃለች? በሕይወቷ አላደረገችውም። መጀመሪያ ሰፌድ ላይ ላቡን ታስወጣለታለች። ላቡ ሳይወጣለት የተጠቀለለ እንጀራ ብዙም ሳይቆይ ይሻግታል። ማታ የጠጣ ሣርም ላቡን ይዞ ያደረ እንጀራ ነው።

የስፕሪንክለሩን ታይመር በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ውስጥ አድርገው። በዚያ ሰዓት ሣሩ በጤዛ ርሶ ስለሚገኝ ያንተ ውኃ የእርጥበቱን ዕድሜ አያስረዝመውም፤ ብዙም ሳይቆይ ፀሐይ ወጥታ ታደርቀዋለች። አሁን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ባለፈው ለቡና ስንመጣ ፊሽ ሲል ሰምቼዋለሁ። ታይመሩን ከቤቱ ጋር ገዝተኸው እስካሁን አልነካኸውም፤ ያን ጊዜ ዝም ያልኩት ሁለተኛው ቡና እየቀረበ ስለነበር ነው።

መጠኑ ከዝናቡ ጋር ተደምሮ በሳምንት አንድ ኢንች ነው። ለመለካት ባዶ የቱና ቆርቆሮ ሣሩ ላይ አስቀምጥ፤ ጣትህን አስገብተህ ታየዋለህ። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ አርካው፤ በየቀኑ ማርከፍከፍ ሥሩን ሰነፍ፣ ቅጠሉን በሽተኛ ያደርገዋል። የቨርጂኒያ ቀይ ሸክላ አፈር ውኃ ቶሎ አይጠጣም። በእግረኛ መንገዱ ላይ መፍሰስ ሲጀምር አቁም፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፣ ድገመው።

የባሰ ሙቀት ሲመጣ ማለዳ ላይ የውኃ ጎማህን ዘርግተህ ጫፍና ጫፉን እየጎተትክ በሣሩ ላይ አሳልፈው። ጤዛው ይረግፋል፣ ቅጠሉ ቀደም ብሎ ይደርቃል። የጎልፍ ሜዳ ሠራተኞች በረጅም ዘንግ ያደርጉታል። በፒጃማ ሆነህ ጎማ ስትጎትት የሚያይህ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ።

6. ጁን ላይ ማዳበሪያ አትስጥ።

ሁለተኛውን ሞት የሞተው ሣሬ በዚህ ነው። አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ በየወሩ እየመጣ ሊንከባከብልኝ ተዋዋለ። ጁን መጨረሻ ላይ ፈሳሽ ማዳበሪያ ረጭቶ ሄደ። ለአሥር ቀን ግቢዬ መንገደኛ የሚያስቆም አረንጓዴ ሆነ፤ እኔም በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ መቀመጥ ጀመርኩ። ከዚያ ሦስት ሞቃት ሌሊት ተከታትሎ መጣና ያ ሁሉ ልምላሜ ተንከባለለ። ናይትሮጂን በሙቀት ጊዜ ቅጠሉን ያለ ልክ ያሳድገዋል፤ ቅጠሉ ውኃ የጠገበ፣ ቆዳው ስስ፣ እርስ በርሱ የተጨናነቀ ይሆናል። ለፈንገስ ከዚህ የተሻለ ድግስ የለም። ስልክ ስደውልላቸው ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ ርጭት እንዳለ ነገሩኝ።

ለቶል ፌስኩ ዋናው ቀለብ የሚሰጠው ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ወንድምህ ደግሞ ይሄን ንገረው፤ ሜሪላንድ በ2011 የሣር ማዳበሪያ ሕግ አውጥታ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ባለቤቱ ራሱ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ሣሩ ላይ ማዳበሪያ መጣል አይችልም፤ ፎስፈረስ ያለበትንም የአፈር ምርመራ ሳይፈቅድለት ወይም አዲስ ሣር ሳይዘራ መጠቀም ክልክል ነው። ምክንያቱ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከግቢያችን የታጠበው ሁሉ መድረሻው እዚያ ነው፤ ውኃው ውስጥ አልጌ ያፈላና ዓሣውን አየር ያሳጣዋል።

7. ጠግቦ ነው ወይስ ተርቦ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሣር እንደ ሰው የጥጋብም የረሃብም በሽታ አለው፤ ሁለቱም ከሩቅ ቡናማ ናቸው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ከሰጠኸው ትጨርሰዋለህ።

ብራውን ፓች የጥጋብ ነው። "ፒቲየም" የሚባለውም እንደዚያው፤ እሱን ካየኸው አትረሳውም። ሣሩ ምች የመታው ይመስላል፤ ማታ ደህና የነበረው ጠዋት ጠቁሮ፣ ቅባት እንደ ፈሰሰበት ተጣብቆ፣ ተኝቶ ታገኘዋለህ። ውኃ በሚወርድበት ቦይ ወይም የማጨጃው ጎማ በሄደበት መስመር ይጓዛል። በሳይንሱ ሚዛን እውነተኛ ፈንገስ እንኳ አይደለም፤ የድንች ምች ከሚያመጣው ወገን ነው፤ ለዚህም ነው ለሌሎቹ የሚሆነው መድኃኒት ሁሉ ለሱ የማይሆነው። ሥሩን ጭምር ስለሚገድል ያ ቦታ ድጋሚ መዘራት አለበት።

የረሃብ የምላቸው ሌሎች ናቸው። "ዶላር ስፖት" የድሮውን የብር ዶላር የሚያክል ትንንሽ ነጭ ክብ ነው። ቅጠሏን ስታያት ቁስሉ ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣታል፣ መሐሉ ላይ ወገቡ የጠበበ ነው፣ ከላይና ከታች ቀይ ቡናማ ድንበር አለው። ስፕሪንግ ላይ፣ አየሩ ቀዝቀዝና ረጠብ ሲል፣ በቅጠሉ ጫፍ ላይ ሮዝ ወደ ቀይ የሚያደላ ክር ከበቀለ "ሬድ ትሬድ" ነው። ሁለቱም ናይትሮጂን ያጠረውን ሣር ይወዳሉ። ሰመር መጨረሻ ላይ ደግሞ ነጭ ጫማህ ብርቱካንማ ዱቄት ይዞ ከተመለሰ፣ እሱን ላንተ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ ዋግ ነው።

ዋግ ስል አርሲን አስታውሳለሁ። አያትህ ማሳ ውስጥ ገብተው ሲወጡ ሱሪያቸውን የሚያዩት በፍርሃት ነበር። ቢጫ ዱቄት ካለበት ያን ቀን ምሳ አይበሉም። በ2010 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ሲያጠፋው እሳቸው አርፈው ነበር፤ ግን ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ሱሪ ነው። የሣሩ ዋግ ከስንዴው ዋግ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሁለቱም ፑክሲኒያ ይባላሉ። ልዩነቱ እዚህ ማንም አይራብም። ሣሩም አይሞትም፤ እድገቱ ስለዘገየ ነው የያዘው። ትንሽ ማዳበሪያ ስጠው፣ ሲያድግ እጨደው፤ የታመመው ቅጠል አብሮ ታጭዶ ይሄዳል። ዋግ አየሁ ብለህ መድኃኒት እንዳትገዛ።

8. ስለ መድኃኒቱ።

የምትገዛው ካለ፣ ጠርሙሱ ፊት ላይ የተጻፈውን ትልቁን ስም ትተህ ከታች በትንሹ የተጻፈውን አንብብ። ለቤት ግቢ ከሚሸጡት የተለመዱት ሁለት ናቸው፤ አዞክሲስትሮቢንና ፕሮፒኮናዞል። የመጀመሪያው ታሪኩ ደስ ይለኛል። በ1977 ጀርመን ውስጥ ተመራማሪዎች በጥድ ፍሬ ላይ ከምትበቅል ትንሽ እንጉዳይ አንድ ንጥረ ነገር አወጡ። እንጉዳይቱ ተቀናቃኝ ፈንገሶችን ከሠፈሯ የምታባርርበት መርዝ ነው። የዛሬው አዞክሲስትሮቢን እሱን አይቶ የተሠራ ነው፤ በ1996 ገበያ ላይ ዋለ። እሾህን በእሾህ ማለት ይሄ ነው።

ግን ያረረ ቅጠል አይመልስልህም። መድኃኒቱ የሚጠብቀው ገና ያልታመመውን ነው። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ቦታ ላይ የሚመላለስብህ ከሆነና የግድ መርጨት አለብኝ ካልክ፣ ጊዜው ጁን ላይ ሌሊቶቹ መሞቅ ሲጀምሩ ነው እንጂ ግቢው ከነጣ በኋላ አይደለም። እንደየዓይነቱ ከ14 እስከ 28 ቀን ቆይቶ ይደገማል። ሲደገም ያንኑ አትድገም፤ መለያው ላይ የምድብ ቁጥር አለ፣ አዞክሲስትሮቢን 11 ነው፣ ፕሮፒኮናዞል 3። አፈራርቃቸው፤ አለዚያ ፈንገሱ ይለምደዋል። መጠኑን ከመለያው አታሳልፍ፤ እዚህ አገር መለያው ሕግ ነው። እስኪደርቅ ድረስ ልጆቹን አታስወጣ። ከጓሮህ ጀርባ ያለው ጅረት አጠገብ ደግሞ ጭራሽ አትርጭ፤ አዞክሲስትሮቢን ለዓሣ መርዝ ነው።

እኔን ከጠየቅከኝ አትግዛ። ብራውን ፓች የያዘው ቶል ፌስኩ ብዙውን ጊዜ ቅጠሉ ነው የሚሞተው። ከነጣው ቦታ አንድ እፍኝ ንቀልና ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበትን እግሩን እየው፤ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሕይወት አለው፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ያቆጠቁጣል። ደንበኛ ነበረኝ፣ በአንድ ሰመር አራት ዓይነት ጠርሙስ የቀያየረ፤ ስፕሪንክለሩ ግን በየማታው ይሠራ ነበር። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው ለሱ ነው። የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ስለ ሣርህ የላከልህ ደብዳቤ እንዳሳሰበህ ገብቶኛል። መልስ ጻፍላቸው፤ በሽታ ነው፣ ውኃው ተስተካክሏል፣ ሴፕቴምበር ላይ ይዘራል በላቸው። ቀን የተጻፈበት እቅድ ሲያዩ ይረጋጋሉ።

9. ከፍ አድርገህ እጨድ።

ሦስት ኢንች ተኩል፣ ሰመር ላይ አራት። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ። ምላጩን አስል። እርጥብ ሳለ አትጨድ፤ በሽታውን በጎማና በምላጭ ከዳር እስከ ዳር ታድለዋለህ። አያትህ ቢያዩን፣ ሣር አጭዶ ለከብት የማይሰጥ፣ ለማጨዱም ገንዘብ የሚከፍል ሰው ጤነኛ ነው አይሉም ነበር።

ከአፈሩ በላይ የሚከማቸውን የሞተ ግንድና ሥር ፈረንጆቹ "ታች" ይሉታል፤ አንዴ እንኳ ስማቸው ከቦታው ገጠመላቸው። በቶል ፌስኩ ብዙም አይከማችም፤ አትጨነቅበት።

10. እንጉዳይ ካየህ ተወው።

ቀድሞ ዛፍ የነበረበት ቦታ ከሥር የበሰበሰ ግንድ አለ፤ እንጉዳዩ እሱን እየበላ በክብ ይወጣል። ሣሩን ብዙም አይጎዳውም። ማሳሰቢያዬ ይሄ ብቻ ነው፦ ልጆችህ ከመድረሳቸው በፊት በእግርህ ጠራርገው፣ እናትህ ደግሞ የልጅነቷን ትዝታ ይዛ ወደ ድስት እንዳትወስደው። የዚህን አገር እንጉዳይ ማናችንም አናውቀውም።

11. ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ዝራ።

ቀኑን እንዳትረሳው ነው በዓሉን የጠራሁልህ። እንቁጣጣሽ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ መስቀል 27፤ በመሐሉ ያለው ጊዜ ለቶል ፌስኩ ዘር የተመረጠ ነው። አፈሩ ገና ሞቃት ነው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ የአረሙም ጉልበት ይደክማል። አፈር የሚበሳውን ማሽን ለግማሽ ቀን እንከራያለን፤ ያንተ ግቢ ሲረገጥ ኖሮ ድንጋይ ሆኗል። ከዚያ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ከ4 እስከ 6 ፓውንድ ዘር ይበቃዋል። "ብዙ ልጨምር" የምትል ዓይነት ሰው ነህ፤ አትጨምር፤ ተጨናንቆ የበቀለ ቡቃያ በበሽታ ነው የሚያልቀው።

ዘሩን ስትገዛ አንድ ዝርያ ሳይሆን ሦስት ያህል የቶል ፌስኩ ዝርያ የተደባለቀበትን ፈልግ። አንዱ ቢታመም ሌላው ይቆማል። ሜሪላንድ ቤልትስቪል ላይ የሣር ዝርያዎችን ጎን ለጎን እያስዘራ የሚያወዳድር አገር አቀፍ ፕሮግራም አለ፤ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎችም ለአካባቢያችን የሚሆኑትን ዝርዝር ያወጣሉ። ብራውን ፓችን የሚችሉ አሉ፤ ጨርሶ የማይነካው ግን የለም፤ አለ የሚልህ ሻጭ ነው።

12. ካልለየህ ላክ።

በየካውንቲው የቨርጂኒያ ኤክስቴንሽን ቢሮ አለ፤ በእኛ አገር የልማት ጣቢያ እንደምንለው ነው። ናሙናውን ብላክስበርግ ላለው የቨርጂኒያ ቴክ የዕፅዋት በሽታ ክሊኒክ ያደርሱልሃል። መድኃኒት ሳትረጭ፣ አሁንም ከጠርዙ፣ ግማሹ ጤነኛ ግማሹ የታመመ የሆነ፣ የቡና ስኒ ማቅረቢያ የሚያክል ቁራጭ ከነአፈሩ በአካፋ አንሳ። በጋዜጣ ጠቅልለው። ውኃ አታርከፍክፍበት፤ መንገድ ላይ በስብሶ ይደርሳል። ሰኞ ላከው፤ ዓርብ የተላከ ቅዳሜና እሑድን መጋዘን ውስጥ ሲበስል ይከርማል። የአፈር ምርመራውንም በዚያው ጠይቅ።

ለአሁኑ አንተ ናሙና አትላክ። ቅዳሜ እኔው እመጣለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ በእኛ ማለቴ ነው፤ ባለፈው እንዳደረግከው ምሳ ሰዓት ላይ እንዳትጠብቀኝ። ዓርብ አትጨድ፣ ስፕሪንክለሩንም ዛሬውኑ አጥፋው። አጉሊ መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ። ቁጥር 43 የዝናብ ቦቲ ካለህ በር ላይ አስቀምጥልኝ፤ የእኔ ግራው ያፈሳል።